የስዊች አገጣጠምና አጠባበቅ በትምህርት ቤት
(ለመምህራን ማኅበር ጉባኤ የተነገረ)



በአንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ብዙ ዐይነት ዕቃ አለ። ጥቁር ሰሌዳው፥ ደወሉ፥ የቤተ መጻሕፍቱ መደርደሪያ፥ የቤተ ሙከራው ብልቃጥ፥ እያንዳንዱ ጠባቂና መዝገብ አለው። ደወል ቢሰነጠቅ ሁሉ ይሰማዋል፤ ሰሌዳ ቢነጣ ሁሉ ያየዋል። በኮምፒዩተር ክፍል ጥግ ተቀምጦ፥ ወይም በግድግዳ ላይ ተሰቅሎ፥ አረንጓዴ መብራቱን ብልጭ ድርግም የሚያደርገውን ትንሽ ሣጥን ግን፥ ሥራውን እስኪያቆም ድረስ መኖሩን እንኳ የሚያስታውሰው ሰው ጥቂት ነው። ይህ ሣጥን ስዊች ይባላል። የዛሬውም ንግግር ስለ እርሱ አገጣጠምና አጠባበቅ ነው።

ይህ ጉዳይ የባለሙያ እንጂ የመምህር አይደለም የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ስዊቹ በቆመ ጊዜ የሚቆመው የባለሙያው ሥራ ሳይሆን የመምህሩ ትምህርት ነው። ባለሙያው ከሩቅ ከተማ እስኪመጣ ድረስ ሳምንትም ወርም ሊያልፍ ይችላል፤ ተማሪዎቹ ግን ያንን ሳምንት ወይም ያንን ወር ተመልሰው አያገኙትም። ስለዚህ ነገሩ የመምህሩም የሹሙም ነው። የንግግሩም ፍሬ ነገር አንድ ነው፤ ይኸውም፦ ስዊችን በሥራ ላይ የሚያኖረው ብልሃተኛ ሰው ብቻ ሳይሆን፥ ብልሃተኛው ሰው ጽፎ ያስቀመጠው መዝገብ ነው።

ስዊች ምንድር ነው?

የቀድሞውን የስልክ ቤት የሚያስታውሱ ሰዎች ነገሩን በቀላሉ ይረዱታል። ያን ጊዜ ደዋዩ መነጋገሪያውን አንሥቶ በመጀመሪያ የሚያገኘው የሚፈልገውን ሰው ሳይሆን ቴሌፎንኛውን ነበር። ቴሌፎንኛው በፊቱ በቆመው ባለ ብዙ ቀዳዳ ሰሌዳ ላይ የጠሪውንና የተጠሪውን መስመር በአጭር ገመድ ያገናኛል፤ ንግግሩም ሲያልቅ ገመዱን ይነቅላል። ጥሩ ቴሌፎንኛ የደንበኞቹን መስመር በቃሉ ያውቃል፤ የአንዱን ጉዳይ ለሌላው አያሰማም፤ ሁለት ሰዎች ስለ ተነጋገሩም ሌሎቹን ዝም አያሰኝም። ስዊችም በኮምፒዩተሮች መካከል የተቀመጠ እንዲህ ያለ ቴሌፎንኛ ነው።

ከጥንቱ ግን እንዲህ አልነበረም። ኤተርኔት የተባለው የኮምፒዩተሮች መገናኛ ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1973 ዓ.ም. በካሊፎርኒያ፥ በፓሎ አልቶ ከተማ፥ በዜሮክስ ኩባንያ የምርምር ማእከል ውስጥ የታሰበ ነው። ሐሳቡን በጽሑፍ ያቀረበው ሮበርት ሜትካልፍ ሲሆን፥ በሥራው የረዳው ዴቪድ ቦግስ ነበር። በዚያ የመጀመሪያ መረብ ኮምፒዩተሮቹ ሁሉ በአንድ ረጅም ገመድ ላይ ተያይዘው ነበር። አንዱ ሲናገር ሌሎቹ ይሰማሉ፤ ሁለቱ በአንድ ጊዜ ቢናገሩ ቃላቸው ይጋጭና ሁለቱም ዝም ይላሉ፤ ከዚያም እያንዳንዳቸው የተለያየ ጥቂት ጊዜ ቆይተው እንደ ገና ይጀምራሉ። ፍጥነቱም በሴኮንድ 2.94 ሚሊዮን ቢት ነበር፤ ቢት ማለት የመልእክት ሁሉ ትንሹ ቅንጣት ነው።

ከጊዜ በኋላ ሀብ የተባለው ሣጥን መጣ። ሀብ በአንዱ ቀዳዳ የሰማውን በቀሩት ቀዳዳዎች ሁሉ የሚያስተጋባ አዋጅ ነጋሪ ነው፤ ለማን እንደ ተላከ አይጠይቅም። እ.ኤ.አ. በ1990 ዓ.ም. ካልፓና የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ሰባት ቀዳዳ ያለውን የኤተርኔት ስዊች ለገበያ አቀረበ፤ ከዚያ ወዲህ አዋጅ ነጋሪው ቀስ በቀስ ሥራውን ለቴሌፎንኛው ለቀቀ። ዛሬ በየትምህርት ቤቱ ከሚታዩት ስዊቾች ብዙዎቹ 8፥ 16 ወይም 24 ቀዳዳ ያላቸው ሲሆኑ፥ በእያንዳንዱ ቀዳዳ በሴኮንድ 100 ሚሊዮን ወይም 1,000 ሚሊዮን ቢት ያሳልፋሉ።

ስዊቹ ማን የት እንዳለ የሚያውቀው እንዴት ነው? እያንዳንዱ የኮምፒዩተር መገናኛ ክፍል ከፋብሪካ ሲወጣ፥ 48 ቢት ርዝመት ያለው ማክ አድራሻ የተባለ መለያ ቍጥር ይሰጠዋል። መልእክት በተላከ ቍጥር፥ በፖስታ ላይ እንደሚጻፈው ሁሉ፥ የተቀባዩና የላኪው መለያ በመልእክቱ ራስ ላይ ይሰፍራል። ስዊቹ የላኪውን መለያ አንብቦ፥ «ይህ መለያ በሦስተኛው ቀዳዳ ይገኛል» ብሎ በመዝገቡ ይጽፋል። የተቀባዩን መለያ በመዝገቡ ካገኘው መልእክቱን በዚያው ቀዳዳ ብቻ ይሰድዳል፤ ካላገኘው ግን መልእክቱ ከመጣበት ቀዳዳ በቀር በሌሎቹ ሁሉ ይለቀዋል፤ ተቀባዩም መልስ በሰጠ ጊዜ የእርሱን ቦታ ይመዘግባል። ለረጅም ጊዜ ድምፁን ያላሰማውን መለያ ይሰርዘዋል፤ ይህም ጊዜ በብዙ ስዊቾች 300 ሴኮንድ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ማለት ይገባል። ስዊቹ ራሱ መዝገብ ያዥ ነው፤ ነገር ግን የአድራሻ መዝገቡ መብራት በጠፋ ጊዜ አብሮ ይጠፋል፤ መብራቱም ሲመለስ ከሀ ይጀምራል። ለእርሱ ይህ ምንም አይደለም፤ በጥቂት ጊዜ ውስጥ መልሶ ይማረዋልና። ሰው ግን የትኛው ገመድ ወዴት እንደሚሄድ አንድ ጊዜ ከዘነጋ፥ መልሶ ለማወቅ ግድግዳ መቦርቦርና ጣራ መፈተሽ ይኖርበታል።

ስለ አገጣጠም

ስዊችን የሚገጥም ሰው ከገመዱ በፊት ቦታውን ይመርጣል። ቦታው አቧራ የማይበዛበት፥ ፀሐይ የማይመታው፥ ዝናብ የማያፈስበትና የተማሪ እግር የማይደርስበት ሊሆን ይገባዋል። ለቢሮ የተሠሩት ስዊቾች ብዙዎቹ እስከ 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ ሙቀት እንዲሠሩ የታሰቡ ናቸው፤ በቆላ አገር በቆርቆሮ ጣራ ሥር በተዘጋ ቁም ሣጥን ውስጥ የተቀመጠ ስዊች ይህን ልክ በቀላሉ ያልፋል። ስለዚህ ነፋስ እንዲያገኝ በጎኑና በኋላው ስንዝር ያህል ክፍት ቦታ መተው፥ በላዩም መጽሐፍ ወይም ሌላ ዕቃ አለመጫን ጥሩ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ የኤሌክትሪክ ኃይል ነው። መብራት ሲጠፋ ስዊቹ ይቆማል እንጂ ብዙ ጊዜ አይጎዳም፤ የሚጎዳው መብራቱ ሲመለስ በሚመጣው ያልተረጋጋ ኃይል ነው። ስለዚህ በስዊቹና በግድግዳው ሶኬት መካከል ስታቢላይዘር ወይም ዩ ፒ ኤስ ማኖር ይገባል፤ የመሬት ሽቦውም በእርግጥ ከመሬት ጋር የተያያዘ መሆኑን የኤሌክትሪክ ባለሙያ ሊያረጋግጠው ያስፈልጋል።

ሦስተኛው ገመዱ ነው። በኮምፒዩተር ክፍል የሚዘረጋው ገመድ በውስጡ ስምንት ቀጫጭን ሽቦዎች አሉት፤ እነርሱም ሁለት ሁለት ሆነው የተገመዱ አራት ጥንዶች ናቸው። የተገመዱትም ያለ ምክንያት አይደለም፤ ከውጭ የሚመጣው የኤሌክትሪክ ሁከት በሁለቱም ላይ እኩል አርፎ እንዲጠፋፋ ነው። ስለዚህ ጫፉን የሚሠራ ሰው ግምዱን ከ13 ሚሊሜትር በላይ ሊፈታው አይገባም። ሽቦዎቹ አር ጄ 45 በተባለው መሰኪያ ውስጥ የሚደረደሩበት በዓለም የታወቀ ተራ አለ፤ አንደኛው ተራ ከግራ ወደ ቀኝ፦ ነጭ ብርቱካንማ፥ ብርቱካንማ፥ ነጭ አረንጓዴ፥ ሰማያዊ፥ ነጭ ሰማያዊ፥ አረንጓዴ፥ ነጭ ቡናማ፥ ቡናማ ነው። የሁለቱም ጫፍ ተራ አንድ ዐይነት እንዲሆን መጠንቀቅ ይገባል። መሰኪያው በክሪምፐር ከተጨመቀ በኋላ በቴስተር ስምንቱንም ሽቦ ሳይፈትሹ ገመዱን በግድግዳ ውስጥ መቅበር፥ ያልታረመ ፈተና ውጤት እንደ መለጠፍ ያለ ስሕተት ነው።

ከስዊቹ እስከ ኮምፒዩተሩ ያለው የመዳብ ገመድ ርዝመት ከ100 ሜትር አይበልጥም። ከዚያ በላይ ከራቀ በመካከል ሌላ ስዊች ይጨመራል፤ ወይም የመስተዋት ገመድ የሆነው ፋይበር ይዘረጋል። ከአንዱ ሕንጻ ወደ ሌላው ሕንጻ በሜዳ ላይ ለሚያልፈው መስመር ግን፥ ርቀቱ አጭር ቢሆንም እንኳ ፋይበር ይመረጣል፤ መስተዋት ኤሌክትሪክ አያስተላልፍምና የመብረቅ ኃይል በእርሱ በኩል ወደ ስዊቹ አይገባም። በገበያ ላይ በርካሽ ከሚሸጡት ገመዶች አንዳንዶቹ መዳብ ሳይሆኑ በመዳብ የተለበጠ አልሙኒየም ናቸው፤ የሽቦውን ጫፍ በምላጭ ቢፍቁት ውስጡ ነጭ ሆኖ ይታያል። እንዲህ ያለው ሽቦ በቀላሉ ይሰበራል፤ ኃይልም ያባክናል። ግዢ የሚፈጽመው ክፍል ይህን ቢያውቅ የመንግሥት ገንዘብ ይድናል።

በመጨረሻም እያንዳንዱ ገመድ በሁለቱም ጫፍ ቍጥር ይጻፍበት። ቍጥር የሌለው ገመድ ስም የሌለው ተማሪ ማለት ነው፤ በክፍሉ ውስጥ አለ፥ ነገር ግን ማንም ሊጠራው አይችልም።

ስለ ቀለበት አደጋ

በስዊች ላይ ከሚደርሱት አደጋዎች ሁሉ በጣም የሚያስደንቀው፥ ምንም ሳይሰበር፥ ምንም ሳይቃጠል መረቡን ሁሉ የሚያቆመው ነው። አንድ ቅን ተማሪ ወለል ላይ የወደቀ የገመድ ጫፍ ያያል። ተነቅሎ የወደቀ መስሎት አንሥቶ በስዊቹ ባዶ ቀዳዳ ይሰካዋል። የገመዱ ሌላ ጫፍ ግን ቀድሞውኑ በዚያው ስዊች ላይ ተሰክቶ ኖሯል። በዚህ ጊዜ ቀለበት ተሠራ ማለት ነው።

በመረብ ውስጥ ለአንድ ሰው ሳይሆን ለሁሉ የሚላክ መልእክት አለ፤ ይህም እንደ አዋጅ ነው። ስዊቹ አዋጁን ተቀብሎ በቀዳዳዎቹ ሁሉ ይለቀዋል። ቀለበት ካለ ግን አዋጁ በአንዱ ጫፍ ወጥቶ በሌላው ጫፍ ተመልሶ ይገባል፤ ስዊቹም አዲስ አዋጅ የመጣ መስሎት እንደ ገና ለሁሉ ይለቀዋል። ይህ መልእክት የዕድሜ ልክ የለውም፤ ስንት ጊዜ እንደ ዞረ የሚቈጥርለትም የለም። በሴኮንድ 100 ሚሊዮን ቢት በሚያሳልፍ መስመር ላይ ከእነዚህ ትንንሽ መልእክቶች 148,800 የሚያህሉ በአንድ ሴኮንድ ሊያልፉ ስለሚችሉ፥ መንገዱ በዚያው በአንዱ አዋጅ ይሞላና ለሌላ ቃል ስፍራ ይጠፋል። ምልክቱም ግልጽ ነው፦ የስዊቹ መብራቶች ሁሉ በአንድነት፥ በፍጥነትና ያለ ዕረፍት ብልጭ ይላሉ፤ ኮምፒዩተሮቹ ግን አንዱም አይሠራም። መድኃኒቱ ገመዶቹን አንድ በአንድ እየነቀሉ መብራቱን መመልከት ነው። መብራቶቹ ረጋ ባሉ ጊዜ በመጨረሻ የተነቀለው ገመድ ጥፋተኛው ነው፤ ቍጥር ከተጻፈበት ከወዴት እንደ መጣ ወዲያው ይታወቃል።

ይህን አደጋ አስቀድሞ የሚከላከል ዘዴ ያስገኘችው ራዲያ ፐርልማን የተባለች አሜሪካዊት መሐንዲስ ናት። እ.ኤ.አ. በ1985 ዓ.ም. ዲጂታል ኢኩዊፕመንት ኮርፖሬሽን በተባለው ኩባንያ ስትሠራ፥ መገናኛ ሣጥኖቹ እርስ በርሳቸው ተነጋግረው ከመካከላቸው አንዱን እንደ ሥር የሚመርጡበትን፥ የቀሩትም ከሥሩ እንደሚወጡ ቅርንጫፎች የሚሰለፉበትን ሥርዓት አወጣች። ቅርንጫፍ ተመልሶ ወደ ሥሩ እንደማይገባ ሁሉ፥ በዚህ ሥርዓት ትርፍ የሆነው መንገድ ለጊዜው ይዘጋል፤ ክፍቱ መንገድ የተበጠሰ እንደ ሆነ ግን የተዘጋው ይከፈታል። ሥርዓቱም እ.ኤ.አ. በ1990 ዓ.ም. ዓለም አቀፍ ደንብ ሆኖ ወጣ። ይህ ሥርዓት በሚሠራበት ስዊች ላይ አዲስ ገመድ ሲሰካ፥ በቀድሞው አሠራር 30 ሴኮንድ ያህል መንገዱን መርምሮ ነው የሚከፍተው፤ ስለዚህ መብራቱ ወዲያው ወደ አረንጓዴ ካልተለወጠ ታግሦ መቆየት እንጂ ደጋግሞ መንቀልና መሰካት አይገባም። ዋጋቸው አነስተኛ ከሆኑት ስዊቾች ብዙዎቹ ግን ይህ መከላከያ ስለሌላቸው፥ ለእነርሱ መከላከያው የሰው ጥንቃቄ ብቻ ነው።

በቦስተን ከተማ የደረሰው

የጥንቃቄ ማነስ በታላላቅ ቤቶችም እንደሚደርስ ለማስረዳት አንድ በይፋ የታወቀ ታሪክ ይበቃል። እ.ኤ.አ. ኅዳር 13 ቀን 2002 ዓ.ም. በአሜሪካ፥ በቦስተን ከተማ፥ ቤዝ ኢዝራኤል ዲኮነስ በተባለው ትልቅ የሕክምና ማእከል የኮምፒዩተሩ መረብ ቆመ። የአንድ ተመራማሪ እጅግ ብዙ መረጃ መረቡን አጨናነቀው፤ ስዊቾቹም የትኛውን መንገድ ዘግተው የትኛውን እንደሚከፍቱ መስማማት ተሳናቸው። የነገሩ ሥር ግን ተመራማሪው አልነበረም። መረቡ በየዘመኑ አንዱ ክፍል በሌላው ላይ እየተቀጠለ፥ ያ የቅርንጫፍ ሥርዓት ሊሸከመው ከሚችለው ርቀት በላይ አድጎ ነበር፤ ደንቡ ከአንዱ ዳር እስከ ሌላው ዳር ከሰባት ስዊቾች በላይ እንዳይደረደሩ ይመክራል። ሆስፒታሉም ወደ አራት ቀን ለሚጠጋ ጊዜ ወደ ወረቀት ተመለሰ፤ የሐኪም ትእዛዝና የምርመራ ውጤት በእግረኛ መልእክተኛ እጅ ይመላለስ ጀመር።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ቁም ነገር ከአደጋው በኋላ የሆነው ነው። የማእከሉ የመረጃ አገልግሎት ኃላፊ የነበሩት ዶክተር ጆን ሃላምካ ነገሩን አልሸሸጉም፤ ሌሎች እንዲማሩበት የደረሰውን ሁሉ በግልጽ ተናገሩ። ከሰጧቸውም ምክሮች መካከል፥ የመረቡ ዕውቀትና ሥልጣን በአንድ ሰው እጅ ብቻ እንዳይሆን፤ ያለ ጽሑፍና ያለ ምክክር ምንም ለውጥ እንዳይደረግ፤ ከውጭ የመጣ ዐዋቂም መረቡን እንዲመረምረው የሚሉት ይገኛሉ። ብዙ መሐንዲስ ባለው ቤት ይህ ምክር ካስፈለገ፥ አንድ የኮምፒዩተር መምህር ብቻ ባለው ትምህርት ቤት እንዴት አብልጦ አያስፈልግም?

ስለ አጠባበቅ

አጠባበቅ ማለት በተበላሸ ጊዜ መጠገን ብቻ አይደለም። ይልቁንም እንዳይበላሽ በየጊዜው ማየት ነው፤ ሥራውም በቀንና በወቅት ሊከፈል ይችላል።

በየቀኑ፥ ክፍሉ ሲከፈት መብራቶቹን ማየት በቂ ነው። በመዝገቡ 20 ኮምፒዩተር ተጽፎ 19 መብራት ብቻ ከበራ፥ ስም እንደሚጠራ መምህር የቀረውን መጠየቅ ይገባል። በየሳምንቱ፥ ሣጥኑን በእጅ ጀርባ ዳስሶ ሙቀቱን ማወቅ፥ የነፋስ ማውጫው መንኮራኵር ካለው ድምፁን መስማት፥ አይጥ ገመዱን እንዳልበላው ማየት ያስፈልጋል።

በየመንፈቀ ዓመቱ፥ ስዊቹ ከኤሌክትሪኩ ተነቅሎ አቧራው በደረቅና ለስላሳ ብሩሽ ይጠረጋል። እርጥብ ጨርቅ አይነካውም። ገመዶቹ የሚነቀሉ ከሆነ አስቀድሞ እያንዳንዱ በየትኛው ቀዳዳ እንደ ነበረ ይጻፋል። በክረምት፥ ትምህርት ቤቱ በሚዘጋበት ወራት፥ ከኤሌክትሪኩም ከውጭ ከሚመጣው መስመርም ነቅሎ ማቆየት ከመብረቅ ያድናል።

በየዓመቱ መዝገቡና መሣሪያው ይመሳከራሉ። በኮምፒዩተር ለሚታዘዘው ስዊች፥ የተሰጠው ትእዛዝ ቅጂ በሌላ ስፍራ ይቀመጣል፤ ከፋብሪካ ይዞት የመጣው የይለፍ ቃልም ገና ከመጀመሪያው ቀን ይለወጣል፤ ያ ቃል በመመሪያ መጽሐፉ ታትሞ ማንም ያውቀዋልና። የውስጥ ሥርዓቱን በአዲስ የሚተካ ሰውም ቅጂውን ሳይዝና በፈተና ሳምንት አይጀምር።

ብልሽት በደረሰ ጊዜ ደግሞ የቤተ ሙከራ መምህር ለተማሪዎቹ የሚያስተምረው ሕግ እዚህም ይሠራል፤ ይኸውም በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መለወጥ ነው። በመጀመሪያ ኃይል መኖሩን፥ ቀጥሎ ገመዱን፥ ቀጥሎ ቀዳዳውን፥ በመጨረሻ ኮምፒዩተሩን መመርመር ይገባል። ገመዱ በሌላ በታመነ ገመድ ተለውጦ ካልረዳ ወደ ስፍራው ይመለሳል፤ ከዚያ ቀዳዳው ይለወጣል። ሦስት ነገር በአንድነት የለወጠ ሰው፥ መረቡ ቢሠራለት እንኳ ምን እንዳዳነው ሳያውቅ ይቀራል። ከዚህም ጋር፥ ስዊቹን ማጥፋትና ማብራት ሌላ፥ በመርፌ ጫፍ የሚነካውን ሪሴት የተባለውን ቁልፍ ለረጅም ጊዜ መጫን ሌላ መሆኑን መለየት ይገባል። የመጀመሪያው ዕረፍት ነው፤ ሁለተኛው ግን የተሰጠውን ትእዛዝ ሁሉ ያስረሳዋል።

ስለ መዝገብና ስለ ሰው

ከዚህ በላይ የተነገረው ሁሉ በጥቂት ሳምንት የሚማሩት ነው። አስቸጋሪው ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነው።

አንድ ትጉህ መምህር አለ እንበል። የኮምፒዩተሩን ክፍል በእጁ አደራጀው፤ ገመዱን ዘረጋ፤ ስዊቹን ገጠመ፤ የይለፍ ቃሉን በልቡ ያዘ። ሁሉም መልካም ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ ወደ ሌላ አውራጃ ተዛወረ። ሲሄድ ደንቡን አሟልቶ ነው፤ የተረከባቸውን መጻሕፍት መለሰ፥ ቁልፉን አስረከበ፥ የክሊራንስ ወረቀቱ ተፈረመለት። ከወር በኋላ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ መረቡ አልነሣም አለ። አዲስ የተመደበው መምህር መጥቶ የጥበቃውን ሠራተኛ፥ «ጋሼ፥ የኮምፒዩተሩ ክፍል ቁልፍ ማን ዘንድ ነው?» ብሎ ቢጠይቃቸው፥ «ቁልፉስ ከእኔ ዘንድ አለ መምህር፤ የሄደው ዐዋቂው ነው» ብለው ይመልሱለታል። ከዚያ በኋላ ክፍሉ ይቈለፋል፤ አቧራ ይለብሳል፤ ከዓመት በኋላም ኮምፒዩተሮቹ ከአሮጌ ወንበር ጋር ይከመራሉ።

በዚህ ታሪክ ጥፋተኛው ማን ነው? መምህሩ አልሰነፈም፤ ዲሬክተሩም አልበደለም። የጎደለው አንድ ነገር ነው፤ ርክክቡ ዕቃን እንጂ ዕውቀትን አልጠየቀም።

መምህሩ ራሱ የማያዝዘው መሣሪያ ምን ያህል እንደሚያስጨንቅ በኢትዮጵያ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ያስተማሩ ሁሉ ያስታውሳሉ። በ1997 ዓ.ም. በሳተላይት የሚተላለፈው የፕላዝማ ትምህርት በተጀመረ ጊዜ፥ ትምህርቱ በተወሰነለት ሰዓት ከሩቅ ይመጣና ያልፍ ነበር፤ መብራት የጠፋ እንደ ሆነ መምህሩ ሊያስቆየውም ሊመልሰውም አይችልም። ስዊች ግን እንዲህ አይደለም፤ በክፍሉ ውስጥ ያለ፥ በእጅ የሚነካ፥ መምህሩ ሊያውቀውና ሊያዝዘው የሚችል መሣሪያ ነው። ይህን ዕድል ባለማወቅ ማሳለፍ ያሳዝናል።

ስለዚህ መዝገቡ ምን ይመስላል? ተራ ባለ መስመር ደብተር ይበቃል። አራት ዐምድ ይሰመርበታል፦ በመጀመሪያው የቀዳዳው ቍጥር፥ በሁለተኛው የገመዱ ቍጥር፥ በሦስተኛው በሌላው ጫፍ ያለው ዕቃና ክፍል፥ በአራተኛው ቀኑና የሠራው ሰው ፊርማ። በደብተሩ ኋላ የክፍሉ ንድፍ ይሣላል፤ የደረሰው ብልሽትና የተገኘለት መድኃኒትም በየቀኑ ይጻፋል። የይለፍ ቃሉ በደብተሩ ውስጥ አይጻፍም፤ በታሸገ ፖስታ ሆኖ በዲሬክተሩ ካዝና ይቀመጣል። ደብተሩም ከስዊቹ አጠገብ ይሰቀላል፤ በቁም ሣጥን የተቈለፈ መዝገብ እንዳልተጻፈ ይቈጠራልና።

በዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል፤ እውነትነትም አለው። መምህሩ በሳምንት የሚያስተምረው ክፍለ ጊዜ ብዙ፥ የሚያርመው ደብተርም ክምር ነው፤ ይህ ሁሉ ተጨምሮበት ማን ይችለዋል? መልሱ፥ ሥራው በበጎ ፈቃድ ብቻ ሊሠራ አይገባውም የሚል ነው። ከሹማምንቱ የሚጠበቁ ሦስት ነገሮች አሉ። አንደኛ፥ መረቡን የሚጠብቀው መምህር በሳምንት ሁለት ክፍለ ጊዜ ከማስተማሩ ሥራ ጋር ተቈጥሮ እንዲታሰብለት። ሁለተኛ፥ የመረቡ መዝገብና የታሸገው ፖስታ በርክክብ ዝርዝር ውስጥ እንዲገባ፤ እነርሱ ሳይታዩም የክሊራንስ ወረቀት እንዳይፈረም። ሦስተኛ፥ ለትርፍ ገመድ፥ ለመሰኪያ፥ ለክሪምፐርና ለቴስተር የሚሆን ጥቂት ገንዘብ በየዓመቱ በበጀቱ እንዲያዝ።

ከመምህራንም የሚጠበቅ አንድ ነገር አለ። ዕውቀት የብቻ በሆነ ጊዜ ባለቤቱን ያስከብረዋል፤ «እርሱ ከሌለ ምንም አይሠራም» መባል ለሰው ደስ ይለዋል። ነገር ግን መምህር ከሌላው ባለሙያ የሚለየው፥ የሚያውቀውን ትቶ መሄድ ሥራው በመሆኑ ነው። ከየክፍሉ ሁለት ሁለት ተማሪዎች በክበብ ተሰብስበው የመሰኪያ አሠራር፥ የመብራት ንባብና የመዝገብ አያያዝ ቢማሩ፥ አንዱ ተማሪ ሲመረቅ ሌላው ይተካዋል፤ መረቡም የአንድ ሰው መሆኑ ቀርቶ የትምህርት ቤቱ ይሆናል። ያ ቀለበቱን በቅንነት የሠራው ተማሪም፥ ገመድ ከመሰካቱ በፊት ቍጥሩን ማንበብን የሚማረው በዚህ ስፍራ ነው።

የተከበራችሁ መምህራንና ሹማምንት፤

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው ምሳሌ በእያንዳንዱ ትምህርት ቤት ይነገራል። ድሩ እንዲያብር ግን የሚያገናኘው ቋጠሮ ያስፈልገዋል፤ ቋጠሮውም እንዳይፈታ እንዴት እንደ ታሰረ የሚያውቁ ከአንድ በላይ ሰዎች ያስፈልጉታል። ስዊች ቋጠሮ ነው። ዋጋው ከብዙ የትምህርት ቤት ዕቃዎች አይበልጥም፤ በላዩ የተንጠለጠለው ግን የአንድ ትውልድ የመማር ዕድል ነው። ከዚህ ጉባኤ በኋላ ወደየትምህርት ቤቱ የሚመለስ መምህር በመጀመሪያው ቀን አንድ ባዶ ደብተር ወስዶ፥ አራት ዐምድ አስምሮ፥ ከመጀመሪያው ቀዳዳ ጀምሮ ቢጽፍ፥ የዚህ ንግግር ዓላማ ተፈጸመ ማለት ነው።